አሮጌውን ፊልም ለምን እንጥላለን?

በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ስፖርትና ስለ መልካም ጠባይ የሚጽፉ ብዙ እንደሆኑ ዐውቃለሁ። እኔ ግን ብዙ ሰው ከቁም ነገር ስለማይቈጥረው ነገር፥ ይኸውም በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚገኘው ስለ ጥቁርና ነጭ የፎቶግራፍ ፊልም የሚሰማኝን ለመግለጽ ፈለግሁ። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፤ ይህ ፊልም መጣል የለበትም፤ በጥንቃቄ ወደ ኮምፒዩተር መግባት አለበት፤ ከገባም በኋላ ቢሆን መጣል የለበትም። ሥራውንም ከእኛ ከተማሪዎች የተሻለ የሚሠራው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሳችን ቤት የሆነው ነገር ነው። የአያቴ አጎት በደሴ ከተማ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥረው ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ነበሩ። ፎቶ ቤቱ በተዘጋ ጊዜ ባለቤቱ ቀሪ ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ ስላልነበረው ዕቃውን ከፋፍሎ ሲሰጥ፥ ለእርሳቸው የደረሳቸው አንድ የእንጨት ወንበር፥ አንድ የተቀባ መጋረጃና ሁለት የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ፊልም ነበር ይባላል። ወንበሩ ተሰበረ፤ መጋረጃውን አይጥ በላው፤ ቆርቆሮዎቹ ግን እስካሁን ከአያቴ አልጋ ሥር ነበሩ። ባለፈው ዓመት ለእንቍጣጣሽ ቤት ሲጸዳ አባቴ ቆርቆሮዎቹን አውጥቶ ከሚጣለው ዕቃ ጋር በር ላይ አኖራቸው። ለምን ብዬ ብጠይቀው፥ «ፎቶግራፎቹን እንደሆነ አንድ በአንድ በስልክ አንሥቼ ለዘመድ ሁሉ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፤ ከእንግዲህ ይህ ፕላስቲክ ምን ያደርጋል?» አለኝ። አባቴ ማንበብ የሚወድ፥ አስተዋይ ሰው ነው። እርሱ እንዲህ ካሰበ ሌላው ምን ያስብ ይሆን ብዬ ደነገጥሁ።

ስሕተቱ ያለው ፊልሙንና ወረቀቱን አንድ አድርጎ ከማየት ላይ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ፊልሙን በጨለማ ክፍል ካጠበ በኋላ፥ ብርሃን በፊልሙ ውስጥ እያሳለፈ በወረቀት ላይ ያትመው ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ቅጂ ነው። በሚታተምበት ጊዜ በጥላ ውስጥ ያለው ነገር ይበልጥ ይጨልማል፤ የነጣው ይበልጥ ይነጣል፤ ለወረቀቱ መጠን የማይስማማውም የፊልሙ ጠርዝ ይቈረጣል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጢስና ዝናብ ያገኘዋል። አባቴ በስልክ ያነሣው እንግዲህ የቅጂውን ቅጂ ነው፤ በዚያም ላይ የመስተዋቱ ነጸብራቅና የገዛ እጁ ጥላ ተጨምሮበታል።

በቤታችን ግድግዳ ላይ የአያቴ ታላቅ ወንድም ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይገኛል። በ1961 ዓ.ም. ለሥራ ወደ አሰብ ሊሄዱ ሲሉ የተነሡት ነው፤ ሄደው በዚያው ቀሩ። ከዚህ በቀር ሌላ ፎቶግራፍ የላቸውም። አንድ ክረምት ጣራው አፍስሶ ውሃ በመስተዋቱ ውስጥ ስለገባ ሥዕሉ ከግንባራቸው እስከ ከንፈራቸው ድረስ ተበላሽቷል። አያቴ ግን እስከ ዛሬ ጧት ጧት ቆመው ያዩታል።

ቆርቆሮዎቹን ከበር ላይ አንሥቼ ወደ ክፍሌ አስገባሁና ፊልሞቹን በመስኮት ብርሃን ላይ እያነሣሁ ስመለከት፥ በሦስተኛው ቀን ይህንኑ ሥዕል አገኘሁት። በፊልም ላይ ነጩ ጥቁር፥ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ የሰው ፊት ቶሎ አይለይም። እኔም የለየሁት በፊታቸው ሳይሆን በተደገፉት ወንበር ነው።

ወደ ኮምፒዩተር ማስገባቱ ግን የመሰለኝን ያህል ቀላል አልሆነም። መጀመሪያ በወረቀት ስካነር ሞከርሁ፤ የወጣው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነገር ነው። የወረቀት ስካነር ብርሃኑን ከሥር ልኮ ከወረቀቱ ተመልሶ የሚመጣውን ይቀበላል፤ ለፊልም ግን ብርሃኑ በውስጡ ማለፍ አለበት። ስለዚህም ለፊልም የሚሆነው ስካነር በክዳኑ ውስጥ ሌላ መብራት ያለው ነው። ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን አባከንሁ።

ቀጥሎ ይህን ሥራ እሠራለሁ ወደሚል አንድ ሱቅ 10 ፊልም ወሰድሁና ከሦስት ቀን በኋላ በፍላሽ ተቀበልሁ። ወደ ቤት መጥቼ ስከፍተው የሰውየው ነጭ ሸሚዝና ጕንጫቸው ብል እንደበላው ጨርቅ ሆኖ አገኘሁት። ተመልሼ ብጠይቅ «ፊልሙ አርጅቷል» ተባልሁ። ፊልሙ ግን አላረጀም ነበር፤ በዓይኔ በመስኮት ብርሃን አይቼዋለሁ። ነገሩን ለማወቅ ብዙ ካነበብሁ በኋላ ምክንያቱን ደረስሁበት፤ ለሌላ ሰው ይጠቅም እንደሆነ እጽፈዋለሁ።

አንዳንዱ ስካነር አቧራና ጭረት የሚያጠፋበት ብልኀት አለው። ዓይን የማያየውን፥ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ብርሃን በፊልሙ ውስጥ ይልካል። የቀለም ፊልም ሲታጠብ ብሩ ይወገድና ቀለሙ ብቻ ስለሚቀር ኢንፍራሬዱ ቀለሙን አልፎ ይሄዳል፤ የሚያግደው አቧራና ጭረት ብቻ ነው። መኪናውም ብርሃኑ የታገደበትን ቦታ ሁሉ ቈሻሻ ነው ብሎ በአካባቢው ባለው ይሸፍነዋል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ሥዕሉ የተሠራው ከራሱ ከብሩ ነው፤ ብር ደግሞ ኢንፍራሬድን ያግዳል። በፊልሙ ላይ ብሩ በብዛት የተከማቸው ብርሃን ባረፈበት ቦታ፥ ማለት በፊትና በነጭ ሸሚዝ ላይ ስለሆነ፥ መኪናው ሰውየውን ራሱን እንደ አቧራ ቈጥሮ ጠረገው። (እንደ ቀለም ፊልም የሚታጠቡ ጥቂት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች፥ ለምሳሌ ኢልፎርድ ኤክስ ፒ 2 የሚባለው፥ ከዚህ ነገር ነፃ ናቸው። የድሮ ፎቶ ቤት ፊልም ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም።) ባለ ሱቁ አንዲት ምልክት ቢያነሣ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ነገር ግን የማያውቀውን ሥራ በገንዘብ ከሚሠራ ሰው ይልቅ ነገሩ ግድ የሚለው ተማሪ ይሻላል የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በመጨረሻ የፊዚክስ መምህራችን ካሜራቸውን አዋሱኝ። ሥራው እንዲህ ነው። ጠረጴዛ ላይ ታብሌት አስተኝቶ ነጭ ገጽ ማብራት፤ ከላዩ ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ፕላስቲክ ማኖር፤ ይህ የታብሌቱ ነጥቦች በሥዕሉ ላይ እንዳይወጡ ነው። ፊልሙን በጥቁር ካርቶን ፍሬም መካከል አስገብቶ ከፕላስቲኩ በላይ ማስቀመጥ፤ ካሜራውን በቀጥታ ወደ ታች አዙሮ ከእግሩ ላይ ማሰር፤ ክፍሉን ማጨለም፤ ከዚያም በእጅ ሳይነኩ ማንሣት። ፊልሙ በመስተዋት ከተጫነ እንደ ዘይት ጠብታ ያለ ክብ ክብ መስመር ይወጣበታል፤ ስለዚህ መስተዋት ባይነካው ይመረጣል። አቧራውን በትንፋሽ እፍ ማለት አይገባም፤ ምራቅ ይረጫልና፤ የጎማ መንፊያ ይበቃል። ፊልሙ አንድ ወገኑ የሚያብለጨልጭ፥ ሌላው ወገኑ የደበዘዘ ነው፤ ከተገለበጠ ግራው ቀኝ ይሆናል። እኔ የመጀመሪያዎቹን 20 ሥዕሎች ገልብጬ ካነሣሁ በኋላ ነው የወንዶቹ ሁሉ የኮት ኪስ በቀኝ ደረታቸው ላይ መሆኑን ያየሁት። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ይሥቁብኛል።

ብዙ ሰው ደግሞ ሥዕሉን በጄፔግ ማስቀመጥ ይበቃል ይላል። እኔ አይበቃም እላለሁ። ጄፔግ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን 256 ደረጃ ብቻ አድርጎ ይከፍለዋል፤ ካሜራው በጥሬው በ14 ቢት ሲያስቀምጠው ግን 16,384 ደረጃ ይኖረዋል። የፊልም ሥዕል በተፈጥሮው የሳሳ ስለሆነ፥ ገልብጦ ወደ ሙሉ ጥቁርና ነጭ ሲዘረጉት ያ ጥቂቱ ደረጃ አይዳረስም፤ ለስላሳ የነበረው መጋረጃ እንደ እርከን ይቈራረጣል። ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ ካሜራ 56 ሚሊሜትር በ56 ሚሊሜትር የሆነውን አራት ማዕዘን ፊልም በጎኑ 4,000 ነጥብ አድርጎ ያነሣዋል፤ ይህም 34 ሳንቲሜትር ያህል ሆኖ በጥራት ሊታተም ይችላል። ለግድግዳ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ሥዕሉን ገልብጬ ብርሃኑን ሳስተካክል የአያቴ ወንድም ፊት ምንም ሳይጎድለው ወጣ። ጢማቸው ገና ማቀንቀን ጀምሯል። ነገር ግን ያላሰብሁት ሌላ ነገር ነበር። ፊልሙ አራት ማዕዘን ሲሆን የታተመበት ወረቀት ቁመቱ የረዘመ ስለነበረ፥ የግራና የቀኝ ጠርዙ ተቈርጧል። በተቈረጠው በግራው ወገን፥ የተቀባው መጋረጃ ካለቀበት ቦታ ላይ፥ ግማሽ ጥላ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ባዶ እግሯን ቆማለች። የሰው ኮት በሁለት እጇ አቅፋለች።

ለአያቴ ባሳየኋቸው ጊዜ መጀመሪያ የወንድማቸውን ፊት ብዙ አዩ። ከዚያ ጣቴን ወደ ጠርዙ ብወስደው ዝም አሉ። ቈየት ብለው፥ «እኔ ነኝ እኮ። አብረሽኝ ተነሺ ሲለኝ ጫማ የለኝም ብዬ እምቢ አልሁት። እንግዲያውስ ኮቴን ያዢልኝ አለኝ» አሉ። አያቴ የልጅነት ፎቶግራፍ ኖሯቸው አያውቅም። ይህ ሥዕል 50 ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ ጀምሮ ከአልጋቸው ሥር ነበር። ባለፈው እንቍጣጣሽ ደግሞ ከበር ላይ ነበር። አባቴ ይህን ካየ በኋላ ስለ ፕላስቲክ አላነሣም።

እዚህ ላይ ከአንዳንድ ጓደኞቼ ጋር የማንስማማበትን ነገር ልናገር። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህንን ሥዕል ወስዶ በስልኩ ባለው ፕሮግራም ቀለም ቀባው፤ ፊታቸውንም «አጠራሁት» አለ። ለማስደሰት ብሎ እንጂ በክፋት አይደለም። ፕሮግራሙ የትንሿን ልጅ ቀሚስ ሰማያዊ አደረገው፤ አያቴ ግን ቀሚሱ ቀይ እንደነበረ፥ ከየት እንደተገዛም ጭምር ያስታውሳሉ። ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚይዘው የብርሃንን መጠን ነው እንጂ ቀለምን አይደለም፤ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚያደርገው መገመት ነው። ከዚህ የከፋው የፊቱ ነው። ፕሮግራሙ የፊልሙን ቅንጣት እንደ ጕድለት ቈጥሮ አለሳልሶ ካጠፋው በኋላ በቦታው ከሌላ ሺህ ፊት የተማረውን ዓይንና ከንፈር አኖረበት። አያቴ አይተው «ይህስ ማነው?» አሉ። የፊልሙ ቅንጣት ብሩ ራሱ ነው፤ ያን ዕለት በእርሳቸው ላይ ያረፈው ብርሃን የተወው ምልክት ነው። ለጨዋታ ቀለም የሚቀባ ይቀባ፤ ነገር ግን ያልተነካው ለብቻው ይቀመጥ፤ የተቀባውም የተቀባ መሆኑ ይጻፍበት።

ጊዜውም አይጠብቀንም። በየቤቱ ያለው የድሮ ፊልም አብዛኛው አሲቴት ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ይህ ነገር ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ቀስ በቀስ እየፈረሰ የአሲቲክ አሲድ ሽታ ያወጣል፤ በእኛ አነጋገር አቼቶ አቼቶ ይላል። ሽታው ከጀመረ በኋላ ፊልሙ ይኮማተራል፥ ይጠመዘዛል፥ ብሩን የያዘው ስስ ልባስም ይላቀቃል። የሚወጣው አሲድ ራሱ መፍረሱን ያፋጥነዋል፤ አጠገቡ ያለውንም ፊልም ይጎዳል። ከሁለቱ ቆርቆሮዎች አንደኛውን ስከፍት ይህ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ከታች የነበሩት 30 ያህል ፊልሞች ዳግመኛ እንዳይቃኑ ሆነው ተጣብቀዋል። ማን እንደነበረባቸው ማንም አያውቅም። እናንተም ዛሬ ወደ ቤት ስትሄዱ ቆርቆሯችሁን ከፍታችሁ አሽትቱ። የሸተተውን ካልሸተተው ለዩ፤ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ፖስታ አድርጉት፤ ከጣራ ሥርና ከወጥ ቤት አርቃችሁ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

የነገሥታትና የመኳንንት ፎቶግራፍ ጠባቂ አያጣም። ከአባት እስከ ልጅ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች የነበሩት የአርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ሥራ በመጻሕፍት ይገኛል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የቈዩ ፎቶግራፎች ተጠብቀዋል። ጉርድ ፎቶግራፍ ለመታወቂያ ተነሥቶ የሄደው የቀን ሠራተኛ፥ አዲስ ጫማ ገዝቶ በዚያው የተነሣው ተማሪ ግን ከቆርቆሮ በቀር ቤት የለውም። በማሊ አገር እነ ማሊክ ሲዲቤ በፎቶ ቤታቸው ያነሷቸው የተራ ሰዎች ፊልሞች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በማሊ ባለሙያዎችና በአሜሪካ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትብብር እየተጸዱ በዲጂታል ተቀድተዋል። በአሜሪካም ቪቪያን ማየር የምትባል ሞግዚት ከ100,000 የሚበልጥ ፎቶግራፍ አንሥታ ለሕዝብ ሳታሳይ ኖራ፥ ፊልሟ የያዘው ሣጥን እ.ኤ.አ. በ2007 በቺካጎ በሐራጅ ተሸጠ። የገዛው ወጣት ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ባይጀምር ኖሮ ዛሬ ስሟን የሚያነሣ አይኖርም ነበር። እርሷ እ.ኤ.አ. በ2009 ስትሞት ዝናዋን አላየችም።

ስለ ማየት ካነሣሁ ዘንድ አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። ጓደኞቼ «የከተማው የድሮ ፎቶ» የሚል የቴሌግራም ገጽ ከፍተን ሁሉንም እናውጣ ይላሉ። እኔ በዚህ አልተስማማሁም። በቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ሰዎች ለፎቶ ቤቱ ከፍለው ለራሳቸውና ለዘመዳቸው ብለው የተነሡ ናቸው፤ ለሕዝብ አደባባይ አልተነሡም። አንድ የሙሽሮች ሥዕል አግኝቼ ሙሽራይቱን አወቅኋት፤ ዛሬ የተከበሩ እናት ናቸው፤ በሥዕሉ ላይ አጠገባቸው ያለው ሰው ግን የዛሬው ባለቤታቸው አይደለም። የማን እንደሆነ አልናገርም። ፊልሙን በፖስታ አድርጌ ለእርሳቸው ብቻ ሰጠኋቸው፤ ተቀብለው ምንም ሳይሉ ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ያን ፊልም እኔ ራሴ አልቀዳሁትም። ይህን ስላደረግሁ ታሪክ አጠፋሽ ያለኝ አለ፤ ምናልባት እውነት ይሆናል፤ ግን ዛሬም ቢሆን ሌላ አላደርግም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በትምህርት ቤታችን ከፎቶግራፍና ከታሪክ ክበብ ሁለታችን ሁለታችን ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ቢፈቀድልን፥ ማንኛውም ወላጅ ፊልሙን ይዞ መጥቶ በፊቱ ቀድተን ፊልሙንም ቅጂውንም ለራሱ መልሰን እንሰጠዋለን። በትምህርት ቤት የሚቀረው ባለቤቱ ፈቅዶ የፈረመበት ብቻ ይሆናል። የማን ሥዕል እንደሆነና የት እንደተነሣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቀን እንጽፋለን፤ ስም የሌለው ሥዕል ለልጅ ልጅ ምንም አይነግረውምና። ቅጂው ቢያንስ በሁለት ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ዲስክ ከፊልም ይበልጥ ፈጥኖ ሊሞት እንደሚችል የኮምፒዩተር መምህራችን በገዛ ላፕቶፓቸው ጥፋት አስተምረውናል። ፊልሙን ካስገባን በኋላም አትጣሉት የምለው ለዚህ ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላ የዛሬውን ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም ቢጠፋ እንኳ ፊልሙን በመስኮት ብርሃን ማየት ይቻላል።

«ተማሪ ለፈተናው ያንብብ እንጂ በቆርቆሮ አይጫወት» የሚሉ ወላጆች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ፈተናውን አልናቅሁም። ነገር ግን ስለ ብርና ስለ ብርሃን በኬሚስትሪና በፊዚክስ መጽሐፍ ካነበብሁት ይልቅ ያ የተበላሸው ሸሚዝ ብዙ አስተምሮኛል። የኤሌክትሪኩም ወጪ ቢሆን የአንድ ታብሌትና የአንድ ኮምፒዩተር ነው።

እኔ እስካሁን ከሁለቱ ቆርቆሮዎች 212 ፊልም ቀድቻለሁ፤ 300 ያህል ይቀረኛል። አያቴ ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጠው ያወቋቸውን ስም እየነገሩኝ እጽፋለሁ፤ እስከ ትናንት ድረስ 61 ሰው ለይተዋል። ከቀሩት ውስጥ በሸዋ በር አካባቢ የተነሡ የሚመስሉ 14 የተማሪዎች ሥዕሎች አሉ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በደሴ የተማረ ወላጅ ወይም አያት ያላችሁ ሁሉ በዕረፍት ሰዓት ወደ 11ኛ «ለ» ክፍል ብታመጧቸው ወይም ቅጂውን ወስዳችሁ ብታሳዩልኝ በብርቱ አመሰግናለሁ።